የሚጥለውና የማያስለቅመው

አያ ሀብቴ የማያውቁት ነገር ቢያጋጥማቸው እንኳ ከመፍረድ አይቦዝኑም። አንድ ቀን ከመርሳ ገበያ ወጥተው ባጃጅ ሲጠብቁ ጀብሪልን አገኙት። ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ክሳቸው ገቡ።

ጀብሪል ሒሳብ ያጠና ልጅ ነው። ዐረብ አገር ከፓኪስታኖች ጋር ሲሠራ ክሪኬት የሚሉትን ጨዋታ ተምሮ መጣና የመርሳን ወጣቶች አሰባስቦ ቡድን አቋቋመ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል። ከመቺው ኋላ የተተከሉት ችካሎች በኳሱ ከወደቁ መቺው ይወጣል፤ ኳሱን ካራቀው ግን እየተመላለሰ ነጥብ ይለቅማል። መጫወቻቸው አጨዳው ያለቀለት የአያ ሀብቴ የጤፍ ማሳ ነው።

«ቅዳሜ ከወልድያ ጋር ስትገጥሙ የመጨረሻውን ዙር የሚወረውረው ረዲ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አያ ሀብቴ።»

«ያ ኮቴው እንኳ የማይሰማው ረዲ? የኔ ይታገሱ እያለ? ልጄ ስለሆነ አይደለም» አሉ። ልጃቸው ስለሆነ ነበር። «ይታገሱ ሲወረውር ችካሉ ሲበር በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ እሱ ካልሆነ ማሳው የኔ ነው፤ ቅዳሜ ውኃ እለቅበትና ሽንኩርቴን እተክላለሁ!»

ጀብሪል ደነገጠ። ቡድኑ ሌላ ሜዳ የለውም። ቢሆንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንቱ ያሉትን አልክድም። ዙር የምንለው ስድስት ውርወራ ነው፤ ዙሩም የተቆጠረ ነው። ይታገሱ በሁለት ዙር አንድ ሰው ያስወጣል፤ ረዲ አምስት ዙር ይፈጅበታል። ግን ይታገሱ በየዙሩ ዐሥር ነጥብ ያስለቅማል፤ ረዲ አራት።»

«የጣለ ነው ጀግና! ነጥቡን ተወው።»

«እሺ። ዘንድሮ ማሽላዎን ከግሪሳ ወፍ ማን ጠበቀልዎት?»

«ትርንጎ ናታ።»

«ስንት ወፍ ጣለች?»

«እሷ? የወንጭፏ ድንጋይ የት እንደሚያርፍ እሷም አታውቀው። ማማው ላይ ወጥታ ከንጋት ጀምሮ ስትጮህ መዋል ነው።»

«ወንጭፈኛው ሙስዐብ እኮ የሚበር ወፍ ይጥላል። ለምን እሱን አልያዙም?»

«ካቻምና ይዤው አልነበር! አንዷን ጥሎ ሊያነሣ ሲወርድ መንጋው በወዲያኛው ዳር ይሰፍራል። እሱ ማታ የወፍ እስር አንጠልጥሎ ሲፎክር፣ ለኔ የቀረኝ የተራቆተ አገዳ…»

ባዶ ባጃጅ መጥቶ ቆመ፣ ጠበቀ፣ ሄደ፤ አያ ሀብቴ አላዩትም።

«አንተ ልጅ፣ በገዛ ማሽላዬ ያዝከኝ?»

«አስታወስኩዎት እንጂ።»

እጅ መስጠት ግን ለአያ ሀብቴ አይሆንላቸውም። «ቆይ፣ ዝንጀሮ ሲመጣስ? ዝንጀሮ ጩኸት ለምዶታል። አውራው ካልተመታ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላህ። ያኔ ሙስዐብን ነው የምጠራው!»

ጀብሪል ሳቀ። «እኔስ ምን አልኩ? ወልድያዎች ሚኪያስ የሚባል መቺ አላቸው፤ አንዴ ከተደላደለ የሚመልሰው የለም። በሱ ላይ ይታገሱን እንለቅበታለን፤ ዐሥር ነጥብ ቢያስለቅምብንም ያዋጣል። ወደ ማብቂያው፣ ለማሸነፍ ጥቂት ነጥብ ሲቀራቸው ግን የማያስለቅም ነው የሚያስፈልገን።»

«ይታገሱ ቢያኮርፍስ?»

«እሱማ ተስማምቷል። የቀሩት አኩራፊ አንቱ ነዎት።»

ቅዳሜ ማሳው ደረቅ ነበር። ይታገሱ እንደ ልማዱ ብዙ አስለቀመ፤ ሚኪያስንም አስወጣው፤ ሰዉም ጮኸ። በመጨረሻው ዙር ወልድያ የመርሳን ነጥብ ለመብለጥ ሰባት ሲቀረው ረዲ ኳሱን ያዘ። አንድም ችካል አልወደቀም። መቺዎቹ አንድ አንድ እያሉ አራት ለቀሙና ዙሩ አለቀባቸው። ከግራና ከተማ የመጡት ተመልካቾች ማን እንዳሸነፈ ገና ሲጠያየቁ፣ አያ ሀብቴ ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አያችሁ? ምንም አልሆነም! ምንም!» እያሉ ይዘሉ ነበር።

የወደቀ ነገር ለሁሉም ይታያል፤ ሳይበላ ለተረፈ ማሽላ ግን ማንም ቆሞ አያጨበጭብለትም። የመርሳ ልጆች ከዚያ ወዲህ ወርዋሪ ሲመርጡ «የመጣብን ዝንጀሮ ነው ወይስ ወፍ?» ብለው ይጠያየቃሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት ሰው ቦታ አለው፣ የሚያኮርፍም የለም። ለሽንኩርቱም ሌላ መሬት ተገኘለት። ይታገሱ ግን ውኃውን ሲመራ በጥድፊያ ቦዩን ስለሚያፈርስ፣ አያ ሀብቴ ለማጠጣቱ የሚልኩት ረዲን ነው።