የርዕሰ መምህሩ ልጅ ሙያ መረጠች

ከሁለት ዓመት በፊት የመንጋጋ ጥርሴ ዕረፍት ነሥቶኝ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ብሄድ፣ በመጠበቂያው ክፍል የድሮ ርዕሰ መምህሬን አገኘኋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት የመሩ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ተነሥቼ ሰላም ስላቸው አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ።

«ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቼ መከራዬን አየሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ባወራሁ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። ሰው መሐል ዝም ማለት ለምጃለሁ።»

ስለ ቤተሰባቸው ጠየቅኋቸው። ሁለቱ ትልልቆች ልጆቻቸው ዲግሪ ይዘው ሥራ ላይ ናቸው። የመጨረሻዋ ግን ሁለት ጊዜ ተፈትና ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ አልመጣላትም። ለሦስተኛ ጊዜ እንድትፈተን አዝዘዋታል።

«እሷ የማቀዝቀዣ ጥገና ልማር ትላለች። የርዕሰ መምህር ልጅ መፍቻ ይዛ ፍሪጅ ሥር ስትንበረከክ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ታዲያ ምን አሏት ጋሼ?»

«በቁሜ አይሆንም አልኳት። ዛሬ ጠዋት ‹አባዬ፣ እኔ ሰነፍ አይደለሁም፤ ደክሞኛል› አለችኝና ቁርሷን ሳትነካ ክፍሏን ዘግታ ገባች። እኔም አልበላልህ አለኝ።»

ይህን እንዳሉ ተጠሩ። ብቻቸውን መግባት ከብዷቸው ስለነበር እኔንም ይዘውኝ ገቡ። ጥርስ የሚሠራበት ጠባብ ክፍል ነው፤ በመደርደሪያው ላይ የጄሶ መንጋጋዎች ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ መብራትና ትንሽ መሞረጃ ማሽን አለ። ሽርጧ በነጭ አቧራ የተሸፈነ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ወንበር ሳበችላቸው።

«እስቲ አባባ፣ ጥርሱ ሲጋጭ ልስማው፤ ሰባ ስድስት ይበሉ።»

አሉ፤ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ጆሮዋን አስጠግታ ደግማ አስባለቻቸው። ከዚያ ባለቀለም ስስ ወረቀት አስነከሰቻቸውና ጥርሱን አውልቃ ቀለሙ የበዛበትን ቦታ በማሽኑ ፋቅ ፋቅ አድርጋ መለሰችላቸው። አሁንም አልሆነም። እንደገና ሞረደች። በአምስተኛው ርዕሰ መምህሩ «ሰባ ስድስት» ሲሉ፣ ያ የማውቀው ጥርት ያለ ድምፅ ተመለሰ። እኔ ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ይህን ግን ላደርግላቸው አልችልም ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አሉ መሐረባቸውን አጥፈው።

«ዶክተሩ ቅድም የመረመሩዎት ናቸው አባባ፤ እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ሁለት ዓመት ሙያ ተማርኩ። እዚህ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ አቀረቀሩ። እኔም ፈቃዳቸውን ጠይቄ የልጃቸውን ነገር ነገርኳት። እሳቸውም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉምና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ዲግሪ ያስከብራል። እጅ ግን ይደክማል።»

«እውነት ነው፣ ሙያ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ይኸው እኔ ራሴ አቧራው እንዳይጎዳኝ ያለ ጭምብል አልሞርድም። ስለዚህ አይቶ መምረጥ ነው። ልጅዎ መጀመሪያ ማቀዝቀዣ ጠጋኞች ዘንድ ጥቂት ቀን ትዋል። ድካሙን አይታ አሁንም ከወደደችው፣ የምሯን ነው። አሥር ዓመት የሠሩትን ደግሞ ‹ዛሬም ሥራ አለ ወይ?› ብላ ትጠይቅ። የምትማርበትም ቦታ በወሬ ሳይሆን በእጅ የሚያሠራ ይሁን።»

«የተማረችው ሁሉ ሊባክን ነዋ።»

«ለምን ይባክናል? ፊዚክሱ እኮ ያለው ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው። ሠርታ ከጠናች በኋላ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ብትልስ በሩን ማን ዘጋባት?»

ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አሰቡና «ለመሆኑ አባትሽ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

ሴትዮዋ ማሽኑን አጠፋች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዬን ለሰው አልተናገሩም። የት ናት ሲሏቸው ወሬ ይቀይሩ ነበር። ከሥራው ሁሉ ያ ነበር የሚከብደኝ።»

«እኔም» አሉ ርዕሰ መምህሩ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኔን ሲጠይቁኝ ‹እያጠናች ነው› ብዬ አልፋለሁ።»

በዚያው ሳምንት ልጃቸውን ይዘው ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄዱ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አብረዋት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን «ምን ወሰንሽ?» ሲሏት «እዚሁ ነኝ አባዬ» አለች፤ እሳቸውም ራሳቸው አስመዘገቧት። ልጅቷ ተምራ ጨረሰች። በቅርቡ የአንድ መድኃኒት ቤት ማቀዝቀዣ ቀጥ ብሎ መድኃኒቱ ሊበላሽ ሲል ደርሳ አስነሥታዋለች። ዛሬ ራሷን ትችላለች፤ ስትናገርም ቀና ብላ ነው። አባትና ልጅ እንደ ድሮው አብረው ይበላሉ። ሙያ የሚሰጠው ጥቅም እንግዲህ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ሰው በገዛ ቤቱ ሳያፍር እንዲኖር ያደርጋል።

በዚህ ወር ርዕሰ መምህሩ ደወሉልኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፈተና ያለፉትን ልጆች ስም በሰልፍ ላይ አንብቤአለሁ። ያላለፉት የት እንደገቡ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። የዘንድሮዎቹን ያላለፉ ልጆች እንድሰበስብ ትምህርት ቤቱ ፈቅዶልኛል፤ አንተም ና።»

ዓርብ ከሰዓት ሄድኩ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው የኋላ ወንበሮች ላይ ተጠጋግተው ነበር። ርዕሰ መምህሩ መድረክ ላይ አልወጡም። ወንበር ይዘው መሐላቸው ተቀመጡና «ልወቅሳችሁ አልመጣሁም። ምን መሥራት እንደምትወዱ ልሰማ ነው የመጣሁት» አሉ።

 አንዲት ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ እጇን አወጣች።