የአቶ ዓምደ ሚካኤል ሦስት ፊልሞችና አንድ ኑዛዜ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ቀረብ በሉ፤ ከኋላ፣ ከትልቁ የአበባ ጉንጉን አጠገብ የቆማችሁም ቀረብ በሉ፤ የማነበው ለሁላችሁም ነው።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ መስቀል ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፌ አለሙ በ1956 ዓ.ም. በጣና ዳር ተወለዱ። ፊደልን ከአባታቸው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በባሕር ዳር ተምረው፣ እዚያው በግሽ አባይ ሰፈር በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ቆይተው፣ ኋላም የራሳቸውን ካሜራ ገዝተው ሠርግ በማንሣት ይተዳደሩ ጀመር። ወይዘሮ እናትዓለም ክንዱንም በተክሊል አግብተው ርሆቦትን ወለዱ።

በሠርጉ ሁሉ ግን ዓይናቸው ከሙሽሮቹ ይልቅ በዳሱ ጥግ በሚተክዙት ላይ ያርፍ ነበርና፣ በዚያችው ካሜራ፣ እኛን ጎረቤቶቻቸውን እያሠሩ ሦስት ፊልሞች አወጡ። በሲኒማ ቤት የምናያት ተዋናይት ስታለቅስ ኩሏ አይበላሽም፤ በእርሳቸው ፊልም የምታለቅስ ሴት ግን ንፍጧን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እናውቃታለን፤ ሰዉን የሳበው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ፊልም የልጁን አስከሬን በታንኳ ወደ ደሴት ስለሚወስድ አባት ነበር። አንድ የሲኒማ ቤት ባለቤት አይቶ፣ የታወቀ ፊት የሌለበት የሠርግ ቪዲዮ ነው ብሎ መለሳቸው፤ ቅጂውን ግን አልመለሰም። እርሳቸውም በእጃቸው የቀረውን ዋናውን ፊልም ሐሙሲት ወስደው በአቶ ጀላሉዲን ሻይ ቤት በአንሶላ ላይ ቢያሳዩት፣ የጎንደር አውቶቡስ ተሳፋሪ አልነሣም አለ፤ ጥሩንባ ሲነፋ የቆየው ሾፌርም ገብቶ ተቀመጠ።

በዓመቱ ያው ታሪክ፣ ታንኳው በሞተር ጀልባ ተለውጦ፣ በዝነኞች ተሠርቶ፣ በዚያ የሲኒማ ቤት ባለቤት ስም ወጣ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ትኬት ቆርጠው ገብተው፣ የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ ተቀመጡ። የእርሳቸው አልነበረበትም። ክሰሱ ስንላቸው፣ ቀን አለኝ አሉ።

ቀኑ ዛሬ ነው። ኩላሊታቸው ታምሞ በተኙ ጊዜ የንስሐ አባታቸው ይቅር እንዲሉ ቢለምኗቸው፣ ይቅር ብየዋለሁ አሉ፤ ለእኛ ግን፣ ስሜን ከሥራዬ እንዳወጣው ስሙን ከታሪኬ አውጡልኝ ብለው ተናዘዙ። ስለዚህ ጉንጉኑን ያመጣውን ያን ሰው በስሙ አልጠራውም፤ ስሙ የተጻፈበትንም ሪባን አስፈትተነዋል፤ አበባው ይቀመጥ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና በፊልሞቻቸው የሠራን ሠላሳ አራት ጎረቤቶችን ትተው ሄደዋል። በአርባቸው ዕለት ከዝክሩ በኋላ ሦስተኛው ፊልም በግቢያቸው ይታያል። የፊተኛው ወንበር ለዚያ ሰው ተይዟል። ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹን ሁሉ ቆመን ጮኸን እናነባለን፤ እርሱም ይሰማል።

የእኛን ወንድም ግን እግዚአብሔር በስማቸው ጠርቶ ከአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። አሜን።