የቁም ጸሐፊው መነጽር

የኔታ የሻው ብርዓቸውን ከሰቀሉ ከረሙ። በሐይቅ አገር ዳዊት ማስጻፍ የሚሻ ሁሉ ደጅ ይጠናቸው የነበሩት እኚያ ቁም ጸሐፊ፣ የወይኒቱን ዳዊት ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አቆሙት። ወይኒቱ ልጇ ጦር ሜዳ ወድቆባታል፤ አስከሬኑን አላገኘች፣ መቃብር አታውቅለት። የቀራት ተስፋ በጸሎቱ መካከል የክርስትና ስሙ በቀይ ቀለም እንዲጻፍላት ብቻ ነበር።

ፊደሉ ግን ተድበሰበሰባቸው። የዓይን ነገር ነው እንዳይሉ፣ ከሐይቁ ማዶ የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ ይለያሉ። ለሩቁ የሚበቃ ዓይን መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ከከዳ፣ በኃጢአቴ እግዚአብሔር ቃሉን ከለከለኝ ብለው ደመደሙ። ሐዘኑ አከሳቸው።

አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲወርዱ እንድሪስን መንገድ ላይ አገኙት። የወዳጃቸው የሸህ ሙዘይን ልጅ ነው፤ ውጫሌ የጤና ረዳት ሆኗል። ሰላምታው እንደ ወሎ ደንብ ረዘመ፤ ከብቱም አዝመራውም ተጠየቀ። ኋላ ልጁ ስለ ጽሕፈታቸው ቢያነሣባቸው መደበቅ አቃታቸውና ሁሉንም ነገሩት።

እንድሪስ በትሕትና አዳመጠና፣ «የኔታ፣ እሾህ ሲወጋዎ ራስዎ ይነቅላሉ?» አላቸው።

«ድሮ ነዋ። አሁንማ ባለቤቴ ናት።»

«መርፌ ላይስ ክር ያስገባሉ?»

«እሱም ቀርቷል።»

«እንግዲያ አብሽሩ። አላህ ቃሉን ቢከለክልዎ ኖሮ እሾሁንና መርፌውን ለምን ይከለክልዎታል?»

በክርክር የማይረቱት የኔታ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጁም አስረዳቸው፤ ሰው ከአርባ ዓመት ሲያልፍ፣ ቅርቡን አጥርቶ የሚያሳየው የዓይን ክፍል እየደረቀ መለጠጥና መኮማተር ያቅተዋል፤ ሙስሊም ክርስቲያን፣ ጌታ ድኻ አይል። ሐኪም ለክቶ ለንባብ ብቻ የሚሆን መነጽር ያዛል፤ ሩቁም ለሚያስቸግረው፣ ከላይ ለሩቅ ከታች ለቅርብ የተሠራ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እንደገና መለካት ነው።

«መነጽር የካድሬ ጌጥ ነው» አሉ የኔታ፤ «ደግሞስ ዓይኔን ቢያሰንፈው?»

«ቢያደርጉትም ባያደርጉትም ዓይንዎ በዕድሜው መንገድ ይሄዳል፣ የኔታ። ልዩነቱ የዚያች እናት ልጅ ስም መጻፉና መቅረቱ ነው።»

ይኼኔ ተረቱ። በማግሥቱ ደሴ ሄደው ተለኩ፤ መነጽሩን አጥልቀው የዳዊቱን ገጽ ቢገልጡ፣ እያንዳንዱ ፊደል ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ስንቱ ጥበበኛ ይሆን በዚሁ ስሕተት ጉልበቱ ሳይደክም ሙያውን የጣለ?

ስሙን ጽፈው ወይኒቱን አስጠሯት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ነበርና ራሷ ልታነብ ጎንበስ አለች። ገጹን አቀረበችው፣ አራቀችው። «ረስቼዋለሁ፤ ያረጀ ጭንቅላት ምን ይይዛል» ብላ አፈረች።

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው አጠለቁላት።

«አልረሳሽም፣ ልጄ። የኔም ኃጢአት አልነበረም፣ ያንቺም ድንቁርና አይደለም። ይህን ለዛሬ ያዥው፤ የራስሽን ደሴ ይለኩልሻል። መርፌሽንም ትይዣለሽ፣ ዳዊትሽንም ትደግሚያለሽ።»

ወይኒቱ ፊደል በፊደል «ኃይለ ኢየሱስ» ብላ አነበበች። ደግማም አነበበች። ከዚያ ቁጭ ብላ ልጇን አለቀሰችው።