ካሴቴን ሊቀዳ የመጣው እንግዳ

ባለፈው ሰሞን ሸዋሮቢት ቤቴ አንድ ሽበታም ሰው መጣና፣ «ጋሼ፣ የአጣዬው ዘፋኝ ካሴት አንቱ ዘንድ አለ አሉኝ። በስልኬ ልቅዳው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሕግ ፈሪ ነኝ፤ ለጎረቤት እንኳ አውሼው አላውቅም። መነጽሬን አድርጌ ሽፋኑ ላይ ያለውን አነበብኩለት፦ «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል።»

ሳቀ። «የከለከልኩት እኮ እኔ ነኝ!»

የሽፋኑን ፎቶ ከፊቱ ጋር አስተያየሁት፤ እውነትም እሱ ነው። «አጣዬ ቤቴ ሲቃጠል ከዘፈኖቼ አንድም አልተረፈልኝ» አለ። ቴፑን ከፈትኩለት። ስልኩን አስጠግቶ፣ ሌላ ድምፅ እንዳይገባበት ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ሲያበቃ የሰው ንብረት የያዝኩ መስሎኝ አፈርኩና ካሴቱን ራሱን ሰጠሁት። እጄን መለሰው።

«የለም ጋሼ፣ ይሄ አንቱ የገዙት ነው። ለእኔ ቅጂው ይበቃኛል።»