የእቶኑ ድምፅ

— ሄሎ... ሄሎ? ጮክ በል፣ እቶኑ አጠገብ ነኝ... ማን ልበል?... ኧረ አንተ ነህ እንዴ? ቁጥሩ አዲስ ሆኖብኝ እኮ ነው።... የመሥሪያ ቤት ስልክ ነው? ሹመት ያዳብር። ታናሽ ወንድሜ በመንግሥት ስልክ ሊያናግረኝ በቃ።

— ደህና ነን፣ ሁላችንም አለን። ሁላችንም ስልህ እንግዲህ እኔ፣ አሸዋ መዛኟ እህታችንና ዝምተኛው ባልደረባችን ነን። ባለቤቶቹ የመስታወት ፋብሪካውን ዘግተው ከሄዱ ወዲህ ሌላው አንድ በአንድ ሄደ። ማንን ትወቅሳለህ፣ ልጅ አለው።... እኛማ ያው እቶኑ እንዳይጠፋ ስብርባሪ ጠርሙስ እያጎረስነው ነው። የሚወጣ ነገር የለም፣ ዝም ብሎ መቀለብ ነው... ትሰማዋለህ አይደል ሲያጓራ?... አዎ፣ ልጅ ሆነህ በዚህ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስድህ።

— እሺ፣ ስብሰባው አለቀ?... አለቀ።

— ቆይ እህቴ፣ እኔም ገና አልሰማሁም። ስብሰባው አልቋል ነው የሚለኝ።... ይቅርታ፣ መዛኟ ናት፤ ፊቴን ፊቴን እያየች ነው። ቀጥል።

— እህ... እህ... ጸደቀ? ለከተማችን የሥራ ዕድል የተጠየቀው ድጋፍ?... ተመስገን።... ቆይ፣ "ግን" አልክ? እናታችን "ግን" ስትል ዱላ ነበር የሚከተለው። በል ንገረኝ።

— ለአዲስ ሥራ ብቻ... ያለውን ለማቆየት አይሆንም።... ገባኝ። ሥልጠና አለ፣ ማቋቋሚያ አለ፣ ተደራጅቶ ሱቅ ለሚከፍትም አለ... መልካም ነው፣ አልጠላሁም። ከተማዋ እኮ ቀን ላይ ጎልማሳ በየደጁ ተቀምጦባታል። ነዳጁስ? እኔ የጠየቅኩት የእቶኑን ነዳጅ ነው።... የለም።

— ነገርካቸው ወይ? እንደ ቤት ምድጃ ጠፍቶ እንደማይለኮስ?... ውስጡ ያለው የቀለጠ መስታወት አንዴ ከረጋ ጡቡን ሰነጣጥቆት እንደሚቀር?... ነገርካቸው።... ሰብሳቢዋም አዘነች?... አይ፣ ክፉ ናቸው አላልኩም። መመሪያ ነው፣ ምን ታድርግ።... ይግባኝ? መልሱ መቼ ይመጣል?... ከክረምት በኋላ። ወንድሜ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ እስከ ማታም የሚደርስ አይመስለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

— ለእኔ? ምን አገኘህልኝ?... የማሽን ተቆጣጣሪ። እዚያው አንተ ያለህበት ከተማ፣ ሥልጠናውም ሰኞ ይጀምራል።... የምን ፋብሪካ ነው?... አልሰማሁህም፣ ድገመው እስቲ።... የፕላስቲክ ጠርሙስ።

— ኧረ አልተቆጣሁም፣ እየሳቅኩ ነው። ዕድሜ ልኬን መስታወት ሳቀልጥ ኖሬ... ተወው፣ ሆድ መስታወትና ፕላስቲክ አይለይም።... ሚስቴማ ደስ ይላታል። ያገባሁት አንተን ነው ወይስ እቶኑን ስትለኝ ነው የከረመችው። ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናዋን ሸጠች። አልነገረችኝም፤ ማዕዘኑ ባዶ ሆኖ ሳየው ነው ያወቅኩት። እኔም ምንም አላልኳት፣ ምን አፍ አለኝ።... እመጣለሁ። እመጣለሁ አልኩህ እኮ።

— ምነው ድምፅህ?... እያለቀስክ ነው እንዴ? መሥሪያ ቤት ውስጥ?... አንተ ምን አጠፋህ? አንተ ባትኖርማ ይህንንም የሚነግረን አናገኝም ነበር።... አዎ፣ እቶኑ እኩያህ ነው። አባባ ሲለኩሰው እማማ አንተን አርግዛ ነበር። "ባንድ ዓመት ሁለት ልጅ ወለድኩ፤ አንዱ አይጠፋም፣ አንዱ ዝም አይልም" ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።... እንዲህ ሳቅ። ይሻላል።

— ስልኩን አትዝጋው፣ ቆይ።... እህቴ፣ ነዳጅ አይመጣም።... አዎ፣ ጨርሶ። ተቀመጪ እስቲ።... አይ፣ ማታን አንጠብቅም። ነዳጁ ሲያልቅ እሳቱ እየጠፋ እየበራ ጉዳት ያመጣብናል። ደግሞ ሲያጣጥር ቆሜ ላየው አልችልም። በእጃችን እንዝጋው።

— ሰማኸኝ አይደል?... በቃ፣ አትለምነኝ። ዝምተኛው የነዳጁ ቫልቭ ጋ ሄዷል፤ ሳላዘው ገብቶታል። ደንቡን ታውቃለህ... አዎ፣ በየቦታው የቆመ ሰው ሁሉ "ሰማሁ" ሳይል ቫልቭ አይነካም። አባባ ያወጣት ደንብ ናት፣ ዛሬ አላፈርሳትም። ያንተ ቦታ እንደሆነ፣ አየር ማስገቢያው ጋ፣ ከሄድክ ወዲህ ሰው አልቆመበትም። ስለዚህ በስልክ ትለኛለህ።

— ቫልቭ ልንዘጋ ነው!... እህቴ?... ሰማች። ዝምተኛው?... ሰማ፤ ዛሬስ በአፉ ነው ያለው።... አንተስ?

— ...

— ጊዜ ውሰድ። እጠብቅሃለሁ።

— ...

— እሺ። አንተም ሰማህ፣ እኔም ሰምቻለሁ።... በል ዝምተኛው፣ አዙረው። ቀስ ብለህ... ጠንክሯል፣ ጨርሶ ተዘግቶ አያውቅማ። ያዝልኝ እህቴ፣ ጨርቁን አቀብዪው... እንዲያ... እንዲያ... ትንሽ ቀረው...

— ...

— ሄሎ?... አለሁ።... አለሁ፣ ስልኩ አልተቋረጠም። ከኋላዬ የነበረው ድምፅ ነው የቆመው።... አዎ። አለቀ።... አትጩህ፣ አሁን እሰማሃለሁ። ለካ እኔም እየጮህኩ ነው።... መዛኟ ታለቅሳለች። ዝምተኛው እጁን ይጠርጋል፣ የፀዳውን እጁን።... እኔማ ምን እሆናለሁ።

— ሰኞ መናኸሪያ ጠብቀኝ። ከተማውን አላውቀውም፣ እንዳልጠፋብህ።... እሺ። በል ቻው፣ ወደ ሥራህ ተመለስ።... እኔማ ትንሽ ቁጭ ልበል። ጡቡ ገና ትኩስ ነው።