ያልተሰለፈ ጆንያ አይፈጭም

ይህ የምጽፍላችሁ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። ሰፈሩ በሹፈት «እውነቱ» እያለ እንደሚጠራኝ አልክድም፤ ስሙ የወጣልኝ ጎርፍ የቤት ጣሪያ ሲወስድ ጣሪያው ላይ የተሳፈረች ዶሮ ምንም ሳይመስላት እንቁላል ስትጥል አየሁ ያልኩ ጊዜ ነው። የዶሮዋን ጉዳይ ለጊዜው ተዉት። የዛሬው ላይ ግን ውሸት ከተገኘ ስድስተኛ ክፍልን እንደገና ልማር! ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት መሐላው ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሥራዬ ጎማ መጠገን ነው። ሱቄ መንገዱ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ጠፍቶ ማዶ በሚወጣበት ቦታ ላይ ናት። ለእንጀራዬ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከወንዙ ድንጋይ ያመለጠ ጎማ ጉድጓዱ ይጠብቀዋል፤ ከጉድጓዱ ያመለጠ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያን ሰሞን ከመንገዶች መሥሪያ ቤት ሁለት ሠራተኞች መጥተው ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። ሥራቸው በዚያ በኩል የሚሻገረውን ሦስት ቀን መቁጠር ነበር። እግረኛ ሲያልፍ አንድ ጭረት፣ የተጫነ ከብት ሲያልፍ አንድ ጭረት፣ ጋሪም መኪናም እንደዚያው። ሁለት ቀን ሙሉ የተሻገረች አንዲት ውሻ ብቻ ናት። እሷንም ጭነት ስለሌላት የት እንጻፋት ሲባባሉ ዋሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቆጠራው አዲስ ግብር ለመጣል ነው የሚል ወሬ ከገበያ መጣና መንደሩን በግማሽ ቀን አዳረሰው። ጋሼ ወፍጮ፣ ማለትም የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ፣ ወሬውን ሲሰሙ «ሦስት ቀን ማንም ዝር እንዳይል» ብለው አስነገሩ። እሳቸው ካሉ አሉ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ቺንጋቸውን፣ ያንን ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘውን ሰፊ የጎማ ቀበቶ፣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ እኔ መጡ። ሥራ ቢጠፋ ሞተሩን ላሟሙቀው ብለው ሲያስነሱት ተበጥሶባቸው ነው። በዚያው ቅጽበት የወንድማቸው ልጅ፣ የትምህርት ቤታችን መምህርት፣ የተነፈሰ ብስክሌቷን እየገፋች ከወንዙ ወጣች። ለስብሰባ ከርማ መመለሷ ነበር። ቆጣሪዎቹ ሰው ሲያዩ ሁለቱም ብድግ አሉ።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ምነው አገሩ ጭር አለ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ። እኔ ነኝ ቤታችሁ ተቀመጡ ያልኩት። እንግዶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ እየተርመሰመስን አናስቸግራቸው። ደግሞም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «የተቆጠረ ይገብራል።»

መምህርቷ ብስክሌቷን ግድግዳዬ ላይ አስደገፈች። እኔ ካላማዳሪውን፣ የውስጥ ጎማውን፣ አውጥቼ ባልዲ ውስጥ ነከርኩና ጆሮዬን አቆምኩ። ጠብ የሚነሳ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ስትናደድ ድምፅዋ እንደ ሐኪም የሚለሰልስ ሰው ናት።

«አጎቴ፣ ከድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ እርስዎ ግብር የሚከፍሉት ገና ሲቆጠሩ ነው? ወፍጮው የሚጠጣው ናፍጣ ላይ አለ፤ ጨው ላይ አለ፤ ሳሙና ላይ አለ። ዕድሜዎን ሙሉ ከፍለዋል። እነዚህ ሰዎች የመጡት ያ ገንዘብ ወደየትኛው መንደር ይመለስ የሚለውን ሊወስኑ ነው።»

«ይወስኑዋ! ዓይን የላቸውም? ወንዙን አያዩትም?»

«ወንዙንማ ያዩታል። ስብሰባው ላይ እንደተነገረን ድልድይ የሚለምኑ አርባ ወንዞች አሉ፤ ዘንድሮ በጀት ያለው ለስድስት ነው። ወንዝ ሁሉ ውሃ ነው፤ የሚለየው የሚሻገረው ሰው ነው። የእኛን ሰው ደግሞ እርስዎ ደብቀውታል።»

ጋሼ ቺንጋውን ከትከሻቸው አውርደው ጭኔ ላይ ጣሉት። «ስሚ የወንድሜ ልጅ። አባቶቻችን የማንንም እጅ አላዩም። ግንድ ቆርጠን፣ ተጋግዘን፣ በየዓመቱ የራሳችንን መሻገሪያ እንሠራለን። መንግሥት ይሥራልኝ ያለ ሰው ነገ ደግሞ መንግሥት ያጉርሰኝ ይላል።»

«ስንት ጊዜ ሠሩት?»

«እኔ እንኳ ከልጅነቴ ጀምሮ ሠላሳ አምስት ጊዜ ይሆናል።»

«ወንዙስ ስንት ጊዜ ወሰደው?»

ጋሼ ወደ ጃንጥላው ዞር አሉ። እኔ አፌን መግታት አቃተኝና «ሠላሳ አምስት ጊዜ ነዋ! ጋሼ፣ ወንዙን ግንድ እየቀለባችሁት ነው!» አልኩ።

«አንተ ጎማህን ጠግን!»

ጠገንኩ። እዚህ ላይ ግን የራሴን ሐሳብ ጣል ላድርግ። ተጋግዞ መሥራት ትልቅ ነገር ነው፤ አይናቅም። ጉልበት የማይችለው ነገር ግን አለ። ብረትና ሲሚንቶ፣ የሚለካ መሐንዲስ፣ እነዚህ የአንድ መንደር ኪስ አይደሉም። የሺህ መንደር ኪስ አንድ ላይ ሲሆን ነው መንግሥት የሚባለው። ይህን ያወቅኩት ስድስተኛ ክፍልን ሁለተኛ ጊዜ ስማር ነው፤ ድግግሞሽም ጥቅም አለው።

መምህርቷ ቀጠለች። «አራት የመማሪያ ክፍል እንዲሠራልን ተፈቅዶ እንደነበር ያስታውሳሉ? መኪናው ወንዙን መሻገር አቅቶት ሲሚንቶውን ማዶ አራግፎ ተመለሰ። ዝናብ መታው። ያ ሁሉ ከረጢት ድንጋይ ሆነ፤ አሁን ተሸክመን አምጥተን ልጆቹ ይቀመጡበታል። ትምህርት ቤት ያለ መንገድ አይሠራም፤ መንገድም ያለ ድልድይ መንገድ አይደለም።»

«እሱን አውቃለሁ» አሉ ጋሼ፣ ቀዝቀዝ ብለው።

«የልጅ ልጅዎን ነገርስ?»

ባለፈው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ወንዙ ሞላ። ፈተናው የሚሰጠው ማዶ ነው። ዘጠኝ ልጆች እርሳሳቸውን ይዘው እዚህ ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ ማዶ ደወሉ ሲደወል ሰሙ። የጋሼ የልጅ ልጅ ደወሉ ካበቃም በኋላ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት ዱቄት ትጠርጋለች። ዘንድሮ ልትፈተን ተመዝግባለች፤ ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ። «ሃያ ሰው እህል ይዞ ቢመጣ የማንን ያስቀድማሉ?»

«የተሰለፈውን።»

«ጆንያውን ቤቱ ቆልፎ አስቀምጦ፣ ‹ጋሼ ያውቁኛል፣ ይፈጩልኛል› የሚል ቢኖርስ?»

«እሱማ እብድ ነው! ያልተሰለፈ ጆንያ ማን…» ጋሼ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ጢማቸው ላይ ያለው ዱቄት ብቻ ይርገበገባል። ወደ ጃንጥላው አዩ፤ ባዶውን መንገድ አዩ፤ ከዚያም ጭኔ ላይ ያለውን ቺንጋቸውን። «ሁለት ቀን ሙሉ» አሉ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ ጆንያችንን ደብቄ ኖሯል።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ መላ አለኝ!» አልኩ። «እያንዳንዱ ሰው አሥር አሥር ጊዜ ይሻገር። እኔ ራሴ ኮፍያ እየቀያየርኩ…»

«አይሆንም» አለች መምህርቷ። «እያንዳንዱ የሐሰት ጭረት ከሌላ መንደር ልጅ የሚቀማ ነው። እነሱም ወንዝ ዳር የቆሙ ልጆች አሏቸው። ሰው ወደ ሥራው ብቻ ይሂድ፤ ይበቃናል።»

ጋሼ ቀጥ ብለው ወደ ቆጣሪዎቹ ሄዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጆቼ፣ ይህ መንገድ ባዶ አይደለም። ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰው ጨምራችሁ ጻፉልን አልልም፤ ቀን ጨምሩልን።»

ትልቁ ቆጣሪ ስልኩን አውጥቶ አለቃውን አነጋገረ። ሁለት ቀን ተጨመረ፤ ጋሼም «ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይውጣ» ብለው አስነገሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ዋሸ ትሉኛላችሁ። ገበያተኛው፣ በር የተሸከመው አናጺ፣ አዋላጇ፣ የታመመ በሬውን የሚነዳው፣ ተማሪው፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ወጣ። የቆጣሪዎቹ እርሳስ እንደ ጥፍር አጠረ። ለካ እንዲህ ብዙ ነን! እኛም እኮ ተቆጥረን አናውቅም።

ድልድዩ በበጋው ተሠራ። ክረምት መጣ፣ ወንዙ ሞላ፣ ደነፋ፣ ከሥር አለፈ። የልጅ ልጃቸው በፈተናው ጠዋት ጫማዋን ሳታወልቅ ተሻገረች። ጋሼ እስከ ድልድዩ መሐል ሸኟትና የብረቱን አጥር ይዘው እዚያው ቆሙ፤ ደወሉ ሲደወል አለቀሱ ይባላል፣ እኔ ግን ዱቄት ነው የገባባቸው እላለሁ። የክፍሎቹ ሲሚንቶ ደርሷል፤ የማዶ ሰው እህሉን ወደ ጋሼ ያመጣል፤ ምጥ የያዛት ሴት ወንዙ እስኪጎድል አትጠብቅም። የእኔ ገበያ ቀዝቅዞ ነበር፤ ልጆቹ በብስክሌት መመላለስ ሲጀምሩ መለስ አለ።

እንግዲህ በስድስተኛ ክፍል ምያለሁና አንድ ነገር ልናዘዝ። ወሬው ከገበያ መጣ ያልኩት ፈጠራ ነው። «የተቆጠረ ይገብራል» የሚለው ነገር የወጣው ከዚችው ከሱቄ ነው። ከአንድ ደንበኛ ጋር ስቀልድ ነው የጀመርኩት። ሰዉ ሲያምነው ደግሞ፣ ጉድጓዱ እንጀራዬ ነውና፣ ዝም አልኩ።

ጋሼ ወፍጮ እስከ ዛሬ አያውቁም። ማንበብም አይችሉም። የልጅ ልጃቸው ግን ጎበዝ አንባቢ ናት፤ ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የምሰጠውም ለእሷ ነው።