ባዶው የብልሽት መዝገብ

ኮምቦልቻ ያለው የሐጂ ሙሄዲን ዳቦ ቤት አራት ሠራተኞች፣ አንድ ምድጃና አንድ የሽቦ ወንፊት ነበሩት። ግድግዳው ላይ የብልሽት መዝገብ ተሰቅሏል። በሰባት ወር ውስጥ አንድ መስመር አልተጻፈበትም።

እኔ የምግብ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤታችንን ሐጂን ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋቸው። መሐረብ ፈተው የጥፍር ስባሪ የሚያህል ሽቦ አሳዩኝ።

«ዚክራ ልጄ፣ ይኼ ከልጅ ልጄ ከኡመይማ አፍ የወጣ ነው። ከገዛ ዳቦዬ! ሱብሃነላህ!»

«ደኅና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተፋችው። ወንፊቱን የቀደደውን ግን ወላሂ ሳላባርር ምሳ አልበላም!»

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«ባዶ ነው። ቤቴ ሥርዓት ያለው ነበር እኮ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐጂ፣ አራት ሰው በሚሠራበት ቤት ሰባት ወር ምንም አለመበላሸቱ ሥርዓት ነው ወይስ ፍርሃት?»

«ሠራተኛ ካልፈራ ይሰንፋል። አባቴም ቤቱን ያቆሙት በዚህ ነው።»

እንደደረስን የዕለቱ ዳቦ እንዳይሸጥ አገድኩ። ወንፊቱን ገለበጥኩት። ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ክሩ ዱቄት ጠግቦ ግራጫ ሆኗል፤ የትናንት ስፌት አይደለም።

«ማነው?» ሲሉ ሐጂ ጮኹ። አራቱም መሬት መሬት አዩ።

«አንድ ፊደል ይለውጡልኝ» አልኳቸው። «‹ማን› የሚሉትን ‹ምን› ያድርጉት።»

ጢማቸውን አሻሹ። «እሺ። ወንፊቱ ምን ሆነ?»

ጋጋሪው ሞላልኝ ቀና አለ። «ዱቄቱ ረጥቦ ወንፊቱን ሲደፍነው በከዘራዎ መቱት፣ ሐጂ። ዐሥራ ሰባት ቀኑ ነው። ‹ማነው የደፈነው?› እያሉ ስለነበር ፈርቼ ሰፋሁት። አጥፍቻለሁ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«አራታችሁም አይታችኋል?»

«አራታችንም።»

ከዘራቸውን የሌላ ሰው ይመስል አተኩረው አዩት፤ ከዚያ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ያ አላህ! ከዘራዬ ቀደደው፤ አፌ ደበቀው።»

«እንግዲህ ራስዎን ካላባረሩ ምሳ የለም ማለት ነው» አለች አቡኪዋ ሙና። መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ናቸው። መሐላቸውን ስላልፈጸሙ፣ ለማካካሻው ለከፋራ ዐሥር ድኾች አበሉ።

አለቃ ሠራተኛውን ሰነፍ ነው ብሎ ካመነ፣ ሠራተኛው እውነቱን ይሸሽጋል። የተሸሸገው ሲገለጥ ደግሞ አለቃው «አላልኩም?» ይላል። ይህ አዙሪት የሚሰበረው ከላይ ነው።

አዲስ ወንፊት ገባ። በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሐጂ በእጃቸው «ሙሄዲን፤ ወንፊት በከዘራ ቀደደ» ብለው ጻፉ። በሠላሳ ቀን ሃያ ሦስት መስመር ተጻፈ፤ ዐሥራ ዘጠኙ ብልሽት በዕለቱ ተጠገነ። በየማለዳው ዱቄቱ በማግኔት ተፈተሸ፤ አንድም ሽቦ አልተገኘም።